ቤት ሲገዛ አየሩም ይመርመር

ባለፈው ክረምት ከሞጣ ወደ ቢቸና በወረድን ጊዜ ያደርነው በአንድ የቆየ ወዳጃችን ቤት ነበር። እኒህ ሰው ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈ፥ በእርሻ ጉልበታቸው ልጆች ያስተማሩ፥ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይታጡ ሽማግሌ ናቸው። እራት ተበልቶ ምስጋና ከተደረገ በኋላ ሲያሳስባቸው የሰነበተውን ነገር አወጡልን።

«የኔታ፥» አሉ፤ «አሜሪካን አገር ያለችው ልጄ ቤት ልትገዛ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሌትና ቀን ሠርታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ፥ በዋጋው ተስማምታ፥ ነገሩ ሊያልቅ ሲል የቤቱ አየር ይለካ ተባለ። ቢለካ ከልኩ አለፈ አሉ። ቤቱ አዲስ ቀለም የተቀባ፥ ግድግዳው እንከን የሌለው፥ ምንም የማይሸት ነው ትለኛለች። ታዲያ ዐይን የማያየውን፥ አፍንጫም የማያሸተውን ነገር በምን ለኩት? ልጄን እያታለሏት ይሆን? ወይስ በቤቱ ክፉ መንፈስ አድሮበት ነው? ትግዛው ወይስ ትተወው? ነገ ትደውላለች፤ ምን ልበላት?»

የአባት ጭንቀት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ልጂቱ የምትኖርበትን ከተማ ጠየቅናቸው። «ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሉት አገር ነው» አሉን። ይህን በሰማን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልን። ሲልቨር ስፕሪንግ በሜሪላንድ ግዛት በሞንትጎመሪ አውራጃ የምትገኝና ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። በዚያ አውራጃ ለአንድ ቤተ ሰብ የተሠራ ቤት ሲሸጥ፥ ሽያጩ ከመፈጸሙ በፊት ራዶን ለሚባል ነገር እንዲመረመር፥ ውጤቱም ለሻጭና ለገዢ እንዲሰጥ የሚያዝ ሕግ አለ። ሕጉ የጸናው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2016፥ በእኛ አቈጣጠር መስከረም 21 ቀን 2009 ዓ.ም.፥ የግሸን ማርያም በዓል በሚውልበት ዕለት ነው። እንግዲህ ልጂቱን ያታለላት የለም፤ ይልቁንም ሕጉ እንዳትታለል ጠበቃት።

ራዶን ምንድን ነው? ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። ራዶን ጋዝ ነው። ጋዝ ስንል ለፋኖስ የምንገዛውን ነጭ ጋዝ ማለታችን አይደለም፤ እንደምንተነፍሰው አየር ያለ ረቂቅ ነገር ማለታችን ነው። በዐለትና በአፈር ውስጥ ጥቂት በጥቂት ተበትኖ የሚገኝ ዩራኒየም የሚባል ማዕድን አለ። ይህ ማዕድን በብዙ ዘመን ራሱን እየለወጠ ራዲየም ይሆናል፤ ራዲየምም በተራው ሲለወጥ ራዶንን ይወልዳል። ራዶንም ቀለም የለው፥ ሽታ የለው፥ ጣዕም የለው። በሜዳ ላይ ሲወጣ ከሰፊው አየር ጋር ተቀላቅሎ ይበተናልና ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ከቤት መሠረት ሥር ሲወጣ ግን በወለሉ ስንጥቅና በቧንቧው መግቢያ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል። በቤት ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ወደ ላይ ይወጣልና፥ ቤቱ በምትኩ የአፈሩን አየር ከሥር ይስባል። በብርድ ወራት መስኮቱ ተዘግቶ ሲከርም ራዶኑ በቤት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ይልቁንም ከመሬት በታች ባሉ ክፍሎች ይበዛል።

ራዶን በአራት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ እኩሌታው ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። የተለወጠውም ከማይታይ ብናኝ ጋር ወደ ሳንባ ገብቶ ይቀመጣል፤ በዚያም ጨረራ እየረጨ ሥጋን ያቈስላል። ሕመሙ ዛሬ ተነፍሶ ነገ የሚታይ አይደለም፤ ብዙ ዓመት ቆይቶ የሳንባ ካንሰር ሊሆን ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በየአገሩ ከሚገኘው የሳንባ ካንሰር ውስጥ ከመቶ 3 እስከ 14 የሚሆነው ከራዶን የሚመጣ ነው። በአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ 21 ሺህ ያህል ሰው በዚህ ምክንያት እንደሚሞት የአገሩ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይገምታል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ከማያጨሰው ይልቅ 25 እጥፍ ያህል ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው።

ይህ ነገር እንዴት ታወቀ ቢሉ፥ ታሪኩ እንዲህ ነው። በጀርመን አገር በሽኔበርግ ከተማ ማዕድን የሚቈፍሩ ሰዎች በሳንባ ሕመም እያለቁ ለብዙ ዘመን ምክንያቱ ሳይታወቅ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1879 ሁለት ሐኪሞች የቈፋሪዎቹ ሕመም የሳንባ ካንሰር መሆኑን ገለጡ፤ ምንጩ ራዶን መሆኑ የታወቀው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በመኖሪያ ቤት ያለው አደጋ ለሕዝብ ሁሉ የተሰማው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ነው። በፔንሲልቫኒያ ግዛት በሊመሪክ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሚሠራ ስታንሊ ዋትራስ የሚባል መሐንዲስ፥ በበሩ ላይ በቆመው የጨረራ መመርመሪያ ባለፈ ቊጥር ደወሉ ይጮኽበት ነበር። የሚያስደንቀው፥ ማመንጫው ገና ኃይል መስጠት አልጀመረም፤ ደወሉም የጮኸው ሰውየው ከቤቱ ወደ ሥራ ሲገባ ነበር። ቤቱ ቢመረመር ራዶኑ በአንድ ሊትር አየር 2,700 ፒኮኩሪ ሆኖ ተገኘ። በአሜሪካ ቤቱ ይታረም የሚባልበት ልክ 4 ፒኮኩሪ ስለ ሆነ፥ የዋትራስ ቤት ልኩን ከ600 እጥፍ በላይ አልፎ ነበር ማለት ነው። ጨረራን በሥራ ቦታው ሲፈሩለት የነበረው ሰው ከቤቱ አልጋ ሥር አገኘው።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ጸጥ ብለው ካዳመጡ በኋላ፥ «እሺ፥ እንዳለ ታወቀ እንበል። የሚለካውስ በምን ነው?» አሉ። ነገሩ እጅግ ቀላል ነው አልናቸው። በትንሽ ቆርቆሮ የታሸገ፥ በልዩ ጥበብ የተዘጋጀ ከሰል አለ። የቤቱ በርና መስኮት ከ12 ሰዓት አስቀድሞ ይዘጋል፤ ለመውጣትና ለመግባት ብቻ ይከፈታል። ከሰሉ ሰው በሚኖርበት በታችኛው ክፍል፥ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት ርቆ ይቀመጣል። ከሁለት ቀን እስከ ሰባት ቀን ቆይቶ ታሽጎ ወደ መመርመሪያ ቤት ይላካል፤ በዚያም የያዘው ራዶን ይቈጠራል። ሦስት ወርና ከዚያም በላይ የሚቀመጥ ሌላ መለኪያ አለ፤ የዓመቱን ሁኔታ አስተካክሎ የሚያሳይም እርሱ ነው።

«ከሰል!» አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው። ልክ በዚያን ጊዜ ባለቤታቸው ፍሙ የቀላ የከሰል ማንደጃ ይዘው ገቡና እኛ ልንተኛበት በተዘጋጀው ክፍል አስቀመጡት። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ ብርዱም ከባድ ነበር። ቢቸናም ሞጣም ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ፥ የጮቄ ተራራ ነፋስ የሚያገኛቸው ከተሞች ናቸው። ሴትዮዋ ያደረጉት ለእንግዳ ክብር ነው። እኛ ግን ከመቀመጫችን ተነሥተን፥ ይቅርታ ጠይቀን፥ ማንደጃውን አንሥተን ወደ በረንዳ አወጣነው። ሁለቱም ተደነቁ። ምክንያቱን መንገር ግድ ሆነብን፤ እነሆ ለአንባቢዎቻችንም እንነግራለን።

የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም፥ በሞጣ ወጣት መምህር ሳለን ከደመወዛችን ቈጥበን አንዲት ትንሽ ቤት ገዛን። ቤት ገዢ የሚያየውን ሁሉ አይተናል። ቆርቆሮው እንዳያፈስ ከውስጥ ሆነን ወደ ብርሃን ተመለከትን፤ ምሰሶውን ምስጥ እንዳይበላው በመጥረቢያ ጀርባ መታነው፤ ድንበሩን ከጎረቤት ጋር ሄደን ለየን፤ ወረቀቱንም አስመረመርን። ሻጩ ቤቲቱ ሙቅ እንደ ሆነች ደጋግሞ ነገረን፤ እውነትም ሙቅ ነበረች። በግድግዳውና በክዳኑ መካከል ያለው ክፍተት በጭቃ ተመርጎ፥ ከላይም ኮርኒስ ተወጥሮ ነበርና፥ «መልካም ሠራተኛ ነው የሠራት» ብለን አመሰገንን። አየሩ በየት ይወጣል ብለን ግን አልጠየቅንም።

በሐምሌ ወር አንድ ሌሊት ታናሽ ወንድማችን ከቅኔ ቤት ሊጠይቀን መጣ። በዚያ ሳምንት በሰባተኛ ክፍል ያስተማርነው ትምህርት እሳት ሲነድ ከአየር ኦክስጅን እንደሚወስድ፥ በቂ አየር ባላገኘም ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ እንደሚወልድ ነበር። ይህን በጥቊር ሰሌዳ ላይ የጻፈ እጅ በዚያው ሳምንት ማንደጃውን አንሥቶ ወደ መኝታ ቤት አስገባ። «ጭሱ አልቋል፥ ፍሙ ቀልቷል፤ ምንም አያደርግም» አልን። ጭስ የሌለው ፍም ሌሊቱን ሁሉ ያንኑ መርዝ ሲወልድ እንደሚያድር ረሳን፤ ወይም ያወቅነው ለተማሪዎቻችን እንጂ ለራሳችን አልነበረም።

ከሌሊቱ ባልታወቀ ሰዓት ራሳችንን ለሁለት የሚከፍል ሕመም ቀሰቀሰን። ልንነሣ ብንል ጉልበታችን አልታዘዘንም። በደረታችን እየተሳብን ወደ በሩ ስንሄድ እንስራውን ገለበጥነው፤ የእንስራው መሰበር ነው ያተረፈን። በአጥር የምንዋሰናቸው ባልቴት ድምፁን ሰምተው መጥተው በሩን ገፍተው ጐተቱን። ወንድማችን ቢጠራ አልመለሰም። በቃሬዛ ተሸክመው ሐኪም ዘንድ አደረሱት፤ በሦስተኛው ቀን ዐይኑን ገለጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ነፍሱ ተርፋለች። ነገር ግን ጉባኤ ቃና ሰምቶ ሳይሳሳት በቃሉ የሚመልስ የነበረ ልጅ፥ ከዚያ በኋላ የጀመረውን ቤት ሳይፈጽም መሐል ላይ የሚጠፋው ሆነ። ከብዙ ወራት በኋላ የቅኔ ቤቱን ተወ። ዛሬ ጤነኛ ገበሬ ነው፤ ልጆችም አሉት። በእኛ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰም። እኛ ግን ቅኔ ሲቀርብ ባየን ቊጥር ያችን ማንደጃ እናያታለን።

ይህ መርዝ እንዲህ ነው የሚሠራው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን ተሸክሞ በአካል ሁሉ የሚያዳርስ ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ይጣበቅበታል፤ የኦክስጅንንም ቦታ ይይዝበታል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ምልክቱም ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽ፥ የጉልበት መድከምና እንቅልፍ ነው። ይህም እንደ ራዶን ቀለምና ሽታ የለውም። ልዩነቱ ራዶን በዓመታት፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ በአንድ ሌሊት መግደሉ ነው።

ሴትዮዋ ይህን ሰምተው፥ «ታዲያ ብርዱስ አይገድልም? እኔን ቁርጥማት ይዞኛል፤ ያለ ፍም እንዴት ይነጋልኛል?» አሉ። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነው። ብርድን ቻሉት ማለት ምክር አይሆንም። እኛም እንዲህ አልናቸው፤ እሳቱን መሞቅ ሳይሆን ከእሳቱ ጋር በተዘጋ ቤት መተኛት ነው የሚገድለው። ከመኝታ በፊት በሩ ገርበብ ብሎ መስኮቱም ተከፍቶ ይሞቃል፤ ለመተኛት ሲታሰብ ማንደጃው ፈጽሞ ከቤት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጋቢና ብርድ ልብስ፥ ለእግርም የሞቀ ውኃ በጠርሙስ ይበቃል።

በዚያ ሌሊት ከሽማግሌው ጋር ያነሣነው ሌላ ነገር አለ። እሳቸው ቤቱ ክፉ መንፈስ አድሮበት እንዳይሆን ፈርተው ነበርና ኦሪት ዘሌዋውያንን አስታወስናቸው። በምዕራፍ 14 እንደ ተጻፈው፥ በቤቱ ደዌ የመሰለ ነገር ያየ ሰው ወደ ካህኑ ሄዶ ይናገራል። ካህኑም ዕቃው እንዲወጣ አዝዞ ግድግዳውን ይመረምራል፤ ቤቱንም ሰባት ቀን ይዘጋዋል፤ ተመልሶም ያያል። ደዌው ሰፍቶ ቢገኝ ድንጋዩ ይነቀላል፥ ምርጉ ይፋቃል፥ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይታደሳል። ደዌው ተመልሶ ቢወጣ ቤቱ ይፈርሳል፤ ካልተመለሰም ንጹሕ ይባላል። ካህኑ ቤቱን አይቶ አልሸሸም፤ ሳይመረምርም አልፈረደም። ዘጋ፥ ጠበቀ፥ አየ፥ አሳደሰ፥ ዳግመኛ አየ። የዛሬው የራዶን ምርመራ ሥርዐትም ከዚህ የራቀ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፥ ከጣራው ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፥ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። እንግዲህ የቤት አደጋ ባለቤቱን የሚያስጠይቅ ነገር መሆኑ የቆየ ትምህርት ነው።

በማግሥቱ ልጂቱ ደወለች። ሽማግሌው ስልኩን ለእኛ ሰጡን። የለካው ሰው ምን እንዳገኘ ብንጠይቃት 11 ፒኮኩሪ ነው አለችን። ቤቱን ለመተው ቆርጣ ነበር፤ እያለቀሰችም ትናገር ነበር። እኛም ራዶን መድኀኒት ያለው ነገር መሆኑን ነገርናት። የወለሉ ስንጥቅ ይደፈናል፤ በወለሉም ሥር ቧንቧ ገብቶ ከጣራው በላይ ይወጣል፤ በቧንቧው ላይ ሌትና ቀን የሚዞር ማራገቢያ ይደረግና የአፈሩን አየር ወደ ቤት ሳይገባ ወደ ውጭ ይስበዋል። የአውራጃው ሕግ ውጤቱን ማሳወቅን እንጂ ማሳደስን በሻጩ ላይ ግድ አላደረገም፤ ስለዚህ የማደሱን ወጪ ማን እንደሚችል በስምምነት ይወሰናል። ሻጩ እንዲያሳድስላት ወይም ከዋጋው እንዲቀንስላት ትጠይቅ፤ ከታደሰ በኋላም ሳይለካ ቃል አትቀበል አልናት። አባትዋ ስልኩን ተቀብለው፥ «ልጄ፥ መዝጋትና ማየት ነው፤ አትሽሺ፥ አትቸኩዪም» አሏት።

በአገራችን ስላለው ነገር ደግሞ እንናገር። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው መሬት የጥንት እሳተ ገሞራ ከሠራው ከጮቄ ተራራ ሥር የተዘረጋ፥ ባዛልት የሚባል ጥቊር ድንጋይ የሞላበት ነው። ባዛልት በጠቅላላው ከግራኒት ይልቅ ዩራኒየሙ ያነሰ ነው። ስለዚህ አንባቢዎቻችን በፍርሃት እንቅልፍ እንዲያጡ አንሻም። ነገር ግን የአንድ ቤት ራዶን በድንጋዩ ስም አይታወቅም፤ በመለካት ብቻ ይታወቃል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ልኩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 100 ቤከሬል እንዲሆን፥ ይህ ባይቻል ከ300 እንዳያልፍ ይመክራል። የአሜሪካው 4 ፒኮኩሪ ከ148 ቤከሬል ጋር እኩል ነው።

የበለጠው ሥጋታችን ሌላ ነው። አባቶቻችን የኖሩበት የሣር ክዳን ቤት ጭሱን በክዳኑ በኩል ያስወጣ ነበር። ዛሬ በብሎኬት ገንብተን፥ ወለሉን ሊሾ አድርገን፥ ኮርኒስ ወጥረን፥ መስኮቱን በመስተዋት ስንዘጋ ቤቱ ያምራል፥ ይሞቃልም። እሳቱን ግን እንደ ጥንቱ ከውስጥ አደረግነው። ከማገዶና ከከሰል የሚወጣው የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ገደለ የዓለም የጤና ድርጅት ይናገራል፤ ከነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

ስለዚህ ቤት ለመግዛት ላሰበ ሰው የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፤ ድንበሩንና ወረቀቱን ከመረመሩ በኋላ የቤቱን መተንፈሻ ይመርምሩ። በግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የአየር መውጫ አለን? መስኮቶቹ በእውነት ይከፈታሉን? ወጥ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ የተለየ ነውን?

ሁለተኛ፤ ወለሉን ይዩ። የተሰነጠቀ ሊሾ፥ ያልተደፈነ የቧንቧ ቀዳዳ፥ መስኮት የሌለው ከመሬት በታች የተሠራ ክፍል ካለ፥ ከዋጋው ድርድር በፊት ይነገር።

ሦስተኛ፤ በውጭ አገር ቤት የሚገዙ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፥ የራዶን ውጤት በጽሑፍ እንዲቀበሉ ንገሯቸው። ሕግ ባያስገድድም በገዛ ገንዘባቸው ያስለኩ።

አራተኛ፤ የምትሸጡ ሰዎች፥ የምታውቁትን ጉድለት አትሸሽጉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቊጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። በጽሑፉ ላይ የሌለውን ነገር ግን ኅሊና መዝግቦ ይይዘዋል። የሞጣይቱን ቤት በኋላ በሸጥን ጊዜ፥ የተመረገውን ክፍተት አስከፍተን ምክንያቱንም ለገዢው ነግረን ነው የሸጥነው፤ ከዋጋውም ጥቂት ጐደለብን። ያ የጐደለው ገንዘብ አላጸጸተንም።

አምስተኛ፤ በከሰል ጭስ የተመታ ሰው ቢገኝ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይድረስ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ሌላ ነገር በአፉ አይጨመር፤ ይታነቃልና።

አዲስ ቤት ሲገባ ካህን ጠርተን ጸሎት እናስደርጋለን፥ ጸበል እናስረጫለን። ይህ መልካም ልማዳችን ነው። ካህኑ በየክፍሉ ሲዞር የቤቱ አባወራ ከኋላው እየተከተለ መስኮቱን ሁሉ ይክፈት፤ የማይከፈት ቢያገኝ በማግሥቱ አናጢ ይጥራ።

ከቢቸና ስንነሣ ሽማግሌው እስከ መኪናው መቆሚያ ሸኙን። ሲሰናበቱንም፥ «የኔታ፥ ያ ወንድምህ አሁን ቅኔ ሲሰማ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁን። «ዝም ብሎ ይሰማል» አልናቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም አሉና፥ «እንግዲያውስ ማንደጃዋ ከበረንዳው አትገባም» አሉን።

እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ፤ መግቢያችሁንና መውጫችሁንም ይጠብቅ።